ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችው ሰዓት

ረመዳን ቀን ላይ አይባክንም። ቀኑን ረሃቡ ራሱ ይጠብቀዋል፤ ሰው ጾመኛነቱን የሚረሳው ሆዱ ሲሞላ ነው። ባሕር ዳር ላይ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ የምትጠልቀው፣ የመግሪብ ሶላትም የሚገባው 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው፤ የሌሊቱ ሶላት ዒሻ የሚገባው 1 ሰዓት ከ50 ገደማ። መሃል ላይ 70 ደቂቃ አለች፤ የወሩ ዕጣ የሚወጣው እዚያች ላይ ነው ባይ ነኝ። በእሷ ውስጥ ያለ ልክ የበላ ከዒሻ በኋላ በሚሰገደው የረመዳን ሶላት፣ በተራዊሕ ላይ ያንቀላፋል። እያንቀላፋ የሰገደ ሲጨርስ ቡና ይጠጣና ይነቃል፤ የነቃ ሰባት ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ሰባት ሰዓት የተኛ ሱሑር (ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ) ያመልጠዋል። ሱሑር ያመለጠው ደግሞ ማግስቱን ከዙሁር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ለሥራም ለቁርኣንም አይሆንም፤ ሲመሽም ከትናንቱ አብልጦ ይበላል። ይህ ሰንሰለት የሚበጠሰው ማዕዱ ላይ ነው።

ከማዕዱ በፊት ግን ሰዓቱ ራሱ ትክክል ይሁን። ብዙ ቤት የሚያፈጥረው በቴሌቪዥን አዛን ነው። አዛኑ የየት ከተማ ነው? ፀሐይ ወደ ምዕራብ በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 4 ደቂቃ ትዘገያለች። አዲስ አበባ 38.7 ላይ፣ ባሕር ዳር 37.4 ላይ ናት። የኬክሮሱ ልዩነት በየካቲት ጥቂቱን ስለሚያካክሰው የእኛ መግሪብ ከአዲስ አበባው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይዘገያል። ከመካ ጋር ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ በየካቲት አጋማሽ ልዩነቱ 18 ደቂቃ ያህል ነው፣ በመጋቢት ወደ 10 ይወርዳል። የሐረምን (የመካውን ታላቅ መስጂድ) ቀጥታ ሥርጭት እያየ አብሮ ቴምር የሚጎርስ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ጾሙን ይፈታል ማለት ነው። ሌሊት ላይ በመካ አዛን ሱሑር ቢያቆም ጉዳት የለውም፣ ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ አቆመ እንጂ። ሱብሂን (የንጋቱን ሶላት) በዚያው አዛን የሚሰግድ ግን ወቅቱ ሳይገባ ይሰግዳል።

ስልክ ላይ ያለው የሶላት አፕም ቦታው ባሕር ዳር መሆኑን ማየት ብቻ አይበቃውም። ቅንብሩ ውስጥ የስሌት ዘዴ የሚባል አለ፤ ፈጅር (የሱብሂ ወቅት) የሚገባው ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትሆን ነው የሚለውና 15 ዲግሪ የሚለው እዚህ በ12 ደቂቃ ይራራቃሉ። በ15ቱ የሚበላ ሰው በ18ቱ ስሌት ጾም ከገባ በኋላ እየበላ ነው። የሰፈሩ መስጂድ የሚሠራበትን ጠይቆ አፑን ከእሱ ጋር ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ወሩ ሳይገባ ቢያልቅ ይሻላል።

ወደ ማዕዱ። አዛን ሲል አንድ ወይም ሦስት ቴምር፣ ሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ተነስቶ መግሪብ። በረዶ የሆነ ውሃ በባዶ ሆድ ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል። ከሶላት መልስ 1 ሰዓት ላይ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን፣ ሁለት ሳምቡሳ፣ ትንሽ ፍራፍሬ፤ 1 ሰዓት ከ20 ላይ እጅ መታጠብ። ሆድ መጥገቡን ለጭንቅላት ለማሳወቅ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ተጣድፎ የሚበላ ሰው ጥጋቡን የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው። እንጀራው ከተራዊሕ በኋላ ይምጣ፤ ለአንድ ሰው አንድ እንጀራ በበቂ ወጥ ይበቃል። ሥጋውን፣ ጣፋጩን፣ ጁሱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ደርድሮ "ዛሬስ ቤቱ ደመቀ" ማለት ደስ ይላል፤ ሶላት ውስጥ ለሩኩዕ ሲጎነበስ ሲያገሳ ግን ድምቀቱ ይጠፋል።

የአጃ ሾርባ ለዚህ ሰዓት ወደር የለውም። ለስድስት ሰው አንድ ብርጭቆ የተከካ አጃ፣ ስምንት ብርጭቆ ውሃ። አጃውን የከሰዓቱ ሶላት ዐስር ሳይደርስ አንድ ሰዓት መዘፍዘፍ የማብሰያውን ጊዜ ያሳጥራል። ሽንኩርትና ካሮት በትንሽ ዘይት ቁላ አድርጎ ውሃውን መጨመር፣ ሲፈላ አጃውን መክተት፣ እሳቱን ቀንሶ 40 ደቂቃ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ማማሰል ግድ ነው፣ አለዚያ ከሥር ይይዛል፣ ያረረ አጃ ሽታው ከድስቱ አይለቅም። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ጥቂት፤ ሾርባው ቁጭ ሲል ስለሚወፍር ሲወጣ ቀጠን ያለ ይሁን።

ሳምቡሳ የሚፈነዳው ሊጡ ስለሳሳ አይደለም፣ ምስሩ ውሃ ስላዘለ ነው። ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር 20 ደቂቃ ያህል ተቀቅሎ፣ ሳይፈርስ ወጥቶ፣ በወንፊት ጠፍፎ፣ ሰፋ ባለ ትሪ ላይ ተዘርግቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ሽንኩርትና ቃሪያ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ታሽቶ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። በስሱ ተዳምጦ ምጣድ ላይ ገባ ወጣ እያለ ግማሽ በሰል ያለ ቂጣ ተደራርቦ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ዘይቱ መድረሱ የሚታወቀው ቁራጭ ሊጥ ሲጣልበት ወዲያው አረፋ አውጥቶ ሲንሳፈፍ ነው። ከስድስት በላይ አንዴ ከጨመሩበት ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ሳምቡሳውም ዘይት ጠጥቶ ይወጣል። ሁለት ቀን የሚበቃ ቂጣ አዘጋጅቶ መሙላቱን በየዕለቱ ማድረግ ይሻላል፤ ሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ መደርደርን መብራት በሚጠፋበት ከተማ አልመክርም፣ ቀልጦ መልሶ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ ምጣዱ ላይ ሳይደርስ ይላላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የምትወጣ ሴት መግሪብ ድረስ ያላት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው፤ እሱም ማጀት ውስጥ ያልቃል፣ የዱዓ ሰዓቷም አብሮት። ሾርባና አንድ ተጨማሪ ምግብ ላይ የተስማማ ቤት የእሷንም ረመዳን ያተርፋል። ሽንኩርት መክተፍና ዕቃ ማጠብ ደግሞ ለወንድም አልተከለከለም።

በ2017ም በ2018ም ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ገጥሟል፤ እንዲህ ሲሆን የከተማው ገበያ ይለወጣል። አብዛኛው ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ የሚቀረው የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፤ የወተት ፈላጊ ግን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለሱሑር እርጎ ለሚያረጋ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው። ሾርባውን በዘይትና በአትክልት ብቻ የሠራ ለክርስቲያን ጎረቤቱም ይልካል፤ ድስቱና ጭልፋው ሥጋ ያልነካቸው መሆናቸውን ማረጋገጥ የላኪው አደራ ነው።

ጣና ዳር ያለ ሰው ደግሞ አሳ አለው፤ አሳ ቢስሚላህ ብሎ ማረድ አያሻውም። መረቡ የሚጣለው ወደ ማታ፣ የሚነሳው ንጋት ላይ ስለሆነ ለኢፍጣር የሚሆነውን አሳ ጠዋት መግዛት ነው። 11 ሰዓት ላይ ዳር ላይ የሚገኘው ቀኑን ሙሉ ሙቀት ውሎበታል። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን። ወዲያው ሆዱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በሎሚና በትንሽ ጨው ተለውሶ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ መብራት ከሌለ ጠዋቱኑ ቀለል አድርጎ መጥበስ። ለሾርባ የቀረሶ ጭንቅላትና አጥንት ይሻላል፣ አምባዛ ስቡ ይበዛል። አጥንቱ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ መረቁ ይመርራል።

ውሃ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከ2 እስከ 2.5 ሊትር፤ ሲያፈጥሩ ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ እስኪተኙ በየሰዓቱ አንድ አንድ፣ ሱሑር ላይ ሁለት። መጨረሻ ላይ አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ሽንት ቤት ያመላልሳል እንጂ ለቀን አይተርፍም። የአብሽ ጁስ የሚወድ ዱቄቱን ከቀትር በፊት ይዘፍዝፈው፤ ውሃው ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተቀየረ ምሬቱ አይወጣም። አብሽ የደም ስኳር ስለሚያወርድ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይጠንቀቅ። ቡና ለሚያዘወትር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ከረሃብ አይደለም፤ ከሳምንት በፊት አንድ አንድ ስኒ እየቀነሰ ቢመጣ ይቀልለዋል። በረመዳንም ቡናው ከዒሻ በፊት ይሁን። ሌሊቱን በጫት ማንጋትን ግን ጨርሶ አልረዳውም፤ እንቅልፍም፣ የሱሑር ፍላጎትም፣ የአፍ እርጥበትም አብረው ይሄዳሉ።

ለሱሑር ፈጅር በየካቲት 11 ሰዓት ከ38 ገደማ ስለሆነ 10 ሰዓት ከ45 ላይ መነሳት ይበቃል። በሶ በውሃና በማር፣ ወይም ገንፎ በእርጎ፣ ወይም ፍርፍር በርበሬው ቀነስ ብሎ፤ ጨውና በርበሬ የበዛበት ሱሑር አምስት ሰዓት ላይ ውሃ ያስጠማል። ሆድ ድርቀት ለሚያስቸግረው ማታ የተልባ መጠጥ።

ቁርኣኑ ሒሳብ ነው። የመዲናው ሙስሐፍ (የቁርኣን ቅጂ) 604 ገጽ፣ አንዱ ጁዝእ (ከቁርኣን ሠላሳ ክፍሎች አንዱ) 20 ገጽ ያህል ነው፤ ከአምስቱ ሶላት ጋር አራት አራት ገጽ የቀራ በቀን አንድ ጁዝእ ይጨርሳል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ዐስር ላይ ነው፣ ከሥራ መውጫና ከገበያ ጋር ስለሚጋጭ። የዐስርን ድርሻ በምሳ እረፍት ከዙሁር ጋር ማድረግ፤ ምግብ ስለሌለ ያ አንድ ሰዓት ለስምንት ገጽና ለ20 ደቂቃ እንቅልፍ ይበቃል። ወሩ 29 ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጁዝእ ማስቀደም። ቀስ ብሎ የሚቀራ ሰው ሁለት ሁለት ገጽ ይዞ ግማሹን በደንብ ቢጨርስ፣ እኔ ከሩጫው ይሻላል እላለሁ።

የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ። በእስልምና አቆጣጠር ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማል፤ ለይለተል ቀድር (የውሳኔዋ ሌሊት) ትሆናለች ተብላ የምትጠበቀው 27ኛዋ ሌሊት 26ኛውን ቀን ጾመን ካፈጠርን በኋላ ያለችው ናት። 27ኛውን ቀን ጾሞ ማታ የሚዘጋጅ ሰው አልፋዋለች። ኢዕቲካፍ (ለዒባዳ መስጂድ ውስጥ መቆየት) የሚገባም እንዲሁ፣ በ20ኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ መስጂድ ይገኝ። የሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ እዚህ የሚጀምረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከተራዊሕ በኋላ ወዲያው የተኛ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሳ እስከ ሱሑር ሁለት ሰዓት ያህል አለው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከወሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ይቀየር ይሆናል። ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም። ስኳሩ ከ70 ሚግ/ዴሊ በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ መግሪብ ሩብ ሰዓት ቢቀረውም ጾሙን መፍታት ነው።

ዘካተል ፊጥር (ለዒድ ለድሆች የሚሰጠው እህል) ለአንድ ነፍስ አንድ ሷዕ ነው፣ ማለትም አራት ሙድ፤ ሙድ በመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ ሙሉ ነው። መለኪያው ስፍር እንጂ ሚዛን ስላልሆነ ኪሎው እንደ እህሉ ከ2.5 እስከ 3 ይለያያል፤ ጤፍ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ 3 ኪሎ ማድረግ ይሻላል፣ ለስድስት ቤተሰብ 18። በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ መስጠት ይቻላል፤ ማሊኪይና ሐንበሊይ ከዒድ አንድ ሁለት ቀን በፊት ይላሉ። ከዒድ ሶላት በኋላ የተሰጠ እንደ ተራ ሰደቃ ይቆጠራል፤ እህሉ ከሁለት ቀን በፊት ከቤት ቢወጣ ተቀባዩም ለዒድ ያስፈጨዋል።