ቬክትሬክስን ጠግኜ በፊደላችን ያጻፍኩበት መንገድ

ስለ ድሮ ጌሞች ጨዋታ ሲነሳ የሚጠሩት ስሞች የታወቁ ናቸው፤ አታሪ፣ ኔንቴንዶ፣ ሴጋ። እኛ ቤት የነበረው ግን ቬክትሬክስ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አብረውኝ ካደጉት ልጆች መካከል እንኳ ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው አላገኘሁም። ለኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ይህን የምለው በናፍቆት ብቻ አይደለም። ከፍቼ ውስጡን ካየሁት፣ ጠግኜ ካስነሳሁትና ፕሮግራም ከጻፍኩለት በኋላ ነው። እንዴት እንደሆነና ምን እንደተማርኩበት ላጫውታችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቬክትሬክስ ገበያ ላይ የወጣው በ1982 መገባደጃ ነው። የነደፈው የጄይ ስሚዝ ድርጅት፣ ስሚዝ ኢንጂነሪንግ ነበር። ጄይ ስሚዝ በ1979 ማይክሮቪዥንን፣ ካሴት እየቀያየሩ የሚጫወቱበትን የመጀመሪያውን የእጅ ጌም የነደፈ ሰው ነው። ቬክትሬክስን ለገበያ ያቀረበው ደግሞ ጂሲኢ የተባለ ኩባንያ ሲሆን ዋጋው 199 ዶላር ነበር። በ1983 ትልቁ የመጫወቻ አምራች ሚልተን ብራድሊ ጂሲኢን ገዛው። ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ተንኮታኮተ። ሱቆች ገዢ ባጡ ካሴቶች ተጥለቀለቁ። የቬክትሬክስም ዋጋ ወደ 150፣ ቀጥሎ ወደ 100 ዶላር ወረደ። በ1984 መጀመሪያ ምርቱ ቆመ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ማሽኑ ደካማ ሆኖ አይደለም የወደቀው። የመጣበት ጊዜ ነው የጣለው። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

አባዬ የገዛልን ያኔ ነው፤ ሱቆች መጋዘናቸውን ለማራገፍ በወረደ ዋጋ ሲሸጡት። ቤታችን ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ እሱም የዜና ቴሌቪዥን ነው። በየጎረቤቱ የነበሩት ጌሞች ቴሌቪዥን ላይ ካልተሰኩ አይሠሩም። ይሄኛው ግን የራሱ ባለ 9 ኢንች ስክሪን አለው። አባዬ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለኔና ለታናሽ ወንድሜ፣ «ይሄ የራሱ ቴሌቪዥን አለው። ከእንግዲህ የኔን እንዳትነኩብኝ» አለን። ለሱ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የዚህ ምርጫ ትርጉም ሌላ ሆነ። በኦክቶበር 1984 የአገራችን ረሃብ በዓለም ቴሌቪዥን ወጣ። ከኮረም የተላከው ምስል አሜሪካም ታየ። ሳሎናችን ከሥራ መልስ በሚመጡ ዘመድ ወዳጆች ይሞላ ጀመር። የሚያለቅስ አለ፣ ስልክ የሚሞክር አለ፣ ገንዘብ የሚሰበስብ አለ። እማዬ የእንግዶቹን ልጆች ሁሉ ከኛ ጋር ሰብስባ መኝታ ቤት ታስገባናለች። እዚያ ቬክትሬክስ አለ። ከግድግዳ ሶኬት በቀር ምንም አይፈልግም። ከላይ መያዣ ስላለው ከክፍል ክፍል ይዘነው እንዞራለን። አልጋው ጫፍ ላይ ተኮልኩለን በተራ እንጫወታለን። ሳሎን ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር በደንብ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያ ትንሽ ስክሪን ግን አዋቂዎቹ ሳይሳቀቁብን እንዲያዝኑ፣ እኛም ልጆች ሆነን እንድናመሽ ቦታ ሰጥቶናል። ማሽኑን እስከ ዛሬ የምወደው ለዚህም ነው።

ስክሪኑ ራሱ እንደ ሌላ ስክሪን አይደለም። የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ምስሉን የሚሠራው ከላይ እስከ ታች በተደረደሩ አግድም መስመሮች ነው፤ ጨለማውን ቦታ ሳይቀር ያዳርሰዋል። ቬክትሬክስ በእስክሪብቶ እንደሚሥል ሰው ነው። የኤሌክትሮን ጨረሩ ከነጥብ ወደ ነጥብ በቀጥታ ይሄዳል። መስመር ያለበት ብቻ ይበራል፣ ሌላው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሰያፍ መስመር እንኳ ጠርዙ አይሸራረፍም። ሲኒማትሮኒክስ ለጌም ቤቶች የሠራቸው ሪፕ ኦፍ፣ ስታር ካስልና አርመር አታክ የተሣሉት በዚሁ ዘዴ ስለነበር፣ ቬክትሬክስ ላይ ሲመጡ መልካቸውን ይዘው መጡ። በጊዜው ይህን የሚችል ሌላ የቤት ማሽን አልነበረም።

ቀለም ግን የለውም። ቀለሙ የሚመጣው ፊቱ ላይ ከሚሰካ ባለቀለም ፕላስቲክ ነው፤ እያንዳንዱ ጌም የራሱ ፕላስቲክ አለው። ማይን ስቶርም የተባለው ጌም ካሴት አያስፈልገውም፤ ከማሽኑ ጋር ተሠርቶ የመጣ ነው። መንኮራኩሯን እያዞሩ ፈንጂዎቹን መምታት ነው። ወንድሜን የሚችለው አልነበረም። 13ኛው ደረጃ ላይ ጌሙን ቀጥ የሚያደርግ ስህተት እንደነበረ፣ ቅሬታ ላቀረቡም የተስተካከለ ካሴት ይሰጥ እንደነበር ያወቅነው ትልልቅ ሰዎች ከሆንን በኋላ ነው። ለኛ 13 የጌሙ መጨረሻ ነበር። እዚያ የደረሰ አሸንፏል።

ወላጆቼ ቤት ሲቀይሩ ማሽኑን ቤዝመንት ውስጥ ከነጆይስቲኩ አገኘሁት። እንዴት እንደተጠገነ ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ፣ የድሮ ስክሪን ያለው ዕቃ የምትከፍቱ ካላችሁ እንድትጠቀሙበት ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ የአባዬ ጓደኛ ናቸው። አዲስ አበባ እያሉ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ገና ካቻቢቴ ሳነሳ፣ «ቆዪ ልጄ። መጀመሪያ አብሪና ምን እንደሚል ስሚው። ስትከፍቺ በየደረጃው ፎቶ አንሺ። ከመንካትሽ በፊት ለኪ» አሉኝ።

አበራነው። ድምፁ አለ። ቁልፍ ስጫን የተኩሱ ድምፅ ይሰማል። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ነገር አንድ አግድም መስመር ላይ ተጨፍልቋል። ጋሼ ወዲያው ብርሃኑን ከኋላ ባለው መቆጣጠሪያ ቀነሱት፣ ከዚያም አጠፉት። ጨረሩ አንድ ቦታ ላይ ተጠናክሮ ከቆየ የስክሪኑን ፎስፈር፣ ማለትም ጨረሩ ሲመታው የሚያበራውን የውስጥ ቅብ፣ ያቃጥለዋል። ያ ጠባሳ ደግሞ አይለቅም።

ያቺ አጭር ጊዜ ብዙ ነገር ነገረችን። ጌሙ ከተጫወተ ፕሮሰሰሩም፣ አንድ ኪሎባይት ብቻ የሆነው ሚሞሪውም ደህና ናቸው። መስመሩ በአግድም ከተሣለ ጨረሩን ወደ ጎን የሚወስደው ክፍል ይሠራል። የጠፋው ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋው ክፍል ብቻ ነው። ካቻቢቴ ሳንነካ የፍለጋው ሜዳ በግማሽ ጠበበ። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ካፓሲተር የሚባሉትን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች በመቀየር ነበር የምጀምረው፤ ብዙ ሰው የሚመክረው እሱን ነውና።

ከዚያ አደገኛው ክፍል መጣ። በስክሪኑ ጎን በጎማ ቆብ የተሸፈነ ወፍራም ሽቦ አለ። በሺዎች የሚቆጠር ቮልት የሚገባው በሱ ነው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጁ ሊቆይ ስለሚችል መፍሰስ አለበት። ጋሼ የረጅም ካቻቢቴ ብረት ላይ ሽቦ አሰሩ። የሽቦውን ሌላ ጫፍ የስክሪኑን ጀርባ ከሚዞረው የመሬት ሽቦ ጋር አያያዙ። ካቻቢቴውን በጎማው ሥር ቀስ አድርገው አስገቡ። በአንድ እጅ ብቻ፤ ሌላኛው እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ጥቂት ቆይተው ደገሙት፤ ቻርጁ መልሶ ሊያንሰራራ ይችላል። ይህን አይቶ የማያውቅ ሰው ብቻውን ባይሞክረው እመርጣለሁ። የስክሪኑ አንገትም ቀጭን መስታወት ነው። ከተሰበረ ማሽኑ አለቀለት።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፕሮሰሰሩ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ ወደ ቮልቴጅ ይቀየራል። ቮልቴጁ ኢንተግሬተር በሚባል ክፍል በኩል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ይሄዳል። ማጉያው ያንን ተቀብሎ የስክሪኑ አንገት ላይ ለተጠመጠመው ሽቦ ይሰጣል። ጨረሩን የሚጎትተው ያ ጥምጥም ነው። እኛ ከመጨረሻው ተነስተን ወደ ኋላ ሄድን። ጋሼ ጥምጥሙን በቴስተር ለኩት፤ ደህና ነው። ቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አጉሊ መነጽሩን ሰጡኝ። በአንዱ ፒን ዙሪያ ብየዳው ክብ ስንጥቅ ነበረው። ለዓይን የማይሞላ ነገር ነው። አሮጌውን ሊድ አንስተን በአዲስ በየድነው። ስናበራው የማይን ስቶርም ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቶ መጣ። ወንድሜ ዘንድ ደወልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ያዝኩለት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዜማውን ያውቀዋል።

የቀረው ቀላል ነበር። የኃይል ክፍሉን ያረጁ ካፓሲተሮች ቀየርን፣ የምስሉ መወዛወዝ ቀነሰ። ማብሪያው ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጋር አንድ ስለሆነ ሁለቱንም በማጽጃ ስፕሬይ አጠብን። ጆይስቲኩንም እንደዚሁ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ የቬክትሬክስ ጆይስቲክ አናሎግ ነው። ትንሽ ስትገፉት በትንሹ፣ ብዙ ስትገፉት በብዙ ይታዘዛል፣ ሲለቁት ወደ መሃል ይመለሳል። ይህ በ1982 ነው! ከድምፅ ማጉያው የሚሰማ ዝዝታም አለው፤ ስክሪኑ ላይ የሚሣለው ነገር ሲለዋወጥ እሱም ይለዋወጣል። ብዙዎቹ ቬክትሬክሶች እንዲህ ናቸው። ይህን የሚያጠፉ ጠጋኞች አሉ። እኔ እንዳለ ተውኩት።

ማሽኑ ሲነሳ ሌላ ምኞት አደረብኝ። ስሚዝ ኢንጂነሪንግ የቬክትሬክስን ጌሞች ለንግድ እስካልሆነ ድረስ መቅዳት ስለፈቀደ፣ ዛሬም አዳዲስ ፕሮግራም የሚጽፉለት አሉ። የራስን ሥራ የሚጭኑበት ካሴትም ይሸጣል። እኔ የፈለግኩት የወንድሜን ስም በአማርኛ እዚያ ስክሪን ላይ ማየት ነበር።

ማሽኑ በራሱ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላትን ነው። የኛን መሣል ነበረብኝ። ፕሮሰሰሩ የሞቶሮላ 6809 ነው፣ ፍጥነቱ 1.5 ሜጋኸርዝ፤ አሴምብሊ በሚባለው፣ ለማሽኑ ቅርብ በሆነው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩለት። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ቁጥር ነው፤ ምን ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ ምን ያህል ወደ ጎን። ቁጥሮቹ ከ-128 እስከ 127 ባለው ውስጥ ናቸው። «ሀ» እና «በ» ሦስት ሦስት መስመር ይበቃቸዋል። «መ» እና «ወ» ግን ክብ አላቸው፤ ክብ የሚሠራው ደግሞ ከአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ነው። እንዲለሰልስ ብላችሁ መስመር ካበዛችሁ፣ ማሽኑ ሁሉንም በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል እንደገና መሣል ስላለበት ጊዜ ያጥረዋል፣ ምስሉም ብልጭ ድርግም ይላል። 8 ጎን ያለው ክብ ለዓይን በቂ ሆኖ አገኘሁት።

ፊደላችን ራሱ አገዘኝ። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ አካላቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በቅጥያው ነው። ስለዚህ ግዕዙን አንድ ጊዜ ጻፍኩና ለካዕብ፣ ለሣልስና ለኃምስ ቅጥያውን ብቻ ጨመርኩ። ራብዕና ሳብዕ እግራቸው ስለሚረዝምና ስለሚያጥር ለየብቻ ተሣሉ። ሳድስ ወጥ ሕግ የለውም፣ አንድ በአንድ መሥራት ነው። ቦታ መቆጠብ ግድ ሲሆን ፊደሉ ምን ያህል በሥርዓት እንደተሠራ ይታያል። ልጅ ሆኜ ስቆጥረው ይህን አላስተዋልኩም።

ኮምፒውተር ላይ ቬክትሬክስን በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ በኢሙሌተር፣ ስሞክረው ፊደላቱ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። እውነተኛው ማሽን ላይ ግን ወደ መጨረሻ የተሣሉት ከቦታቸው እየሸሹ ሄዱ። ምክንያቱ ኢንተግሬተሮቹ ናቸው። ጨረሩ ረጅም ርቀት ሳያቋርጥ ሲጓዝ ጥቃቅን ስህተት ይጠራቀማል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ፊደል በፊት ጨረሩን ወደ ስክሪኑ መሃል መልሶ እንደ አዲስ መነሳት ነው፤ ለዚህ ማሽኑ ውስጥ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ። ጥቂት ጊዜ ይበላል፣ ፊደሉ ግን በቦታው ይቀመጣል። ለቬክትሬክስ የምትጽፉ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዕቃው ላይ ሞክሩ።

ወንድሜ ለፋሲካ ከነቤተሰቡ ሲመጣ ስሙን አየው። ልጁ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀችኝም። «አክስቴ፣ ፈንጂዎቹ ለምን ፊደል አይሆኑም?» አለችኝ። ሕጉን ራሷ አወጣችው። ከላይ አንድ ፊደል ይጻፋል፣ እሱን ብቻ መምታት ነው፣ ሌላ የመታ ነጥብ ይቀነስበታል። የመንኮራኩሯን መዞርና ተኩሱን ጽፌ ጨርሻለሁ። «ሠ» እና «ሰ» አንድ ላይ ሲመጡ የትኛው ይመታ የሚለው ላይ አሁንም እየተከራከርን ነው።