በአንድ ክፍል ሦስት ዓይነት የቤት ሥራ፦ 7ኛ ክፍል፣ መቶኛ

ከ60 በላይ ተማሪ ላለበት ክፍል አንድ ዓይነት የቤት ሥራ ሲሰጥ ጎበዙ ቶሎ ጨርሶ ያስገለብጣል፣ ደከም ያለው ጠዋት ከሰልፍ በፊት ይገለብጣል። መቶኛ ላይ የሠራልን አሰጣጥ ይኸውና።

ሰሌዳ ላይ ሦስት አማራጭ ይጻፋል። «ቀላል» እና «ከባድ» ተብለው ከተሰየሙ ቀላሉን መምረጥ ስለሚያሳፍር ሀ፣ ለ፣ ሐ ይበቃል።

ሀ፦ የ800 ብር 15 በመቶ። መንገዱ ተጽፎ ይሰጣል፤ 10 በመቶው 80፣ ግማሹ 40፣ ድምሩ 120። ተማሪው በ600 እና በ1,400 ብር ብቻውን ይደግመዋል።

ለ፦ ሦስት ዕቃ የያዘ ደረሰኝ አዘጋጅቶ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መጨመር።

ሐ፦ ታክሱን ጨምሮ 920 ብር የተከፈለበት ዕቃ ከታክስ በፊት ስንት ነበር?

ብዙ የሚሳሳቱት ሐ ላይ ነው። የ920ን 15 በመቶ፣ 138ን፣ ቀንሰው 782 ይላሉ፤ ታክሱ የተሰላው ከዋናው ዋጋ መሆኑን ይረሱታል። መልሱን ከመንገር «እስቲ 782 ላይ 15 በመቶ ጨምርበት» ማለት ይሻላል። 899.30 ሲመጣበት ግር ይለዋል፣ ከዚያ ወደ 920 ÷ 1.15 = 800 ለመውሰድ ቀላል ነው።

ሦስቱም ቡድን የሚሠራው አንድ የጋራ ጥያቄ መኖር አለበት፦ 500 ብር የነበረ ጫማ 20 በመቶ ጨመረ፣ ቆይቶ 20 በመቶ ቀነሰ፤ አሁን ስንት ነው? ስሌቱ ቀላል ስለሆነ የሀ ተማሪም 480 ይደርሳል፤ «ለምን 500 አልሆነም?» የሚለው ግን ሁሉንም ያከራክራል። ከ10 ነጥብ 4ቱ ለዚህ፣ 6ቱ ለምርጫው። የሦስቱም አማራጭ ነጥብ እኩል ነው።

ነጥቡ እኩል ሲሆን ጎበዞቹ ወደ ሀ ይሸሻሉ። መፍትሔው ከምርጫው በፊት በቁራጭ ወረቀት ሦስት አጫጭር ጥያቄ መፈተን ነው፤ ሦስቱንም ያገኘ ከለ እና ከሐ ብቻ ይመርጣል። ለጎበዝ ተማሪ ጥያቄ ማብዛት ግን ቅጣት ነው፣ አይደረግ።

ሀ እንኳ ያቃተው ተማሪ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ መቶኛው ሳይሆን ለ10 ማካፈሉ ነው፤ መጀመሪያ ወደ አስርዮሽ ይመለስ።

እርማቱ እንዳይከብድ መምህሩ የጋራውን ጥያቄ ብቻ ያርማል፤ የቀረውን አንድ ፊደል የመረጡ ተማሪዎች ደብተር ተለዋውጠው ይተራረሙታል።