በፎቲስ እጅ

ዛሬ ተሸወድኩ። ጫማ ልገዛ ኤርሙ መንገድ ወጥቼ ካፕኒካሬያ ገባሁ። አቴንስ የኖረ ያውቃታል። በልብስ ሱቆች መሃል ቁጭ ያለች የ11ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ገበያተኛው በግራና በቀኝ ዞሯት ያልፋል። ሻማ አብርቼ ቀና ስል ከመቅደሱ በላይ እመቤታችን አለች። ሺህ ዓመት ሙሉ ስንቱ እዚህ ሥዕል ሥር አልቅሷል ብዬ ሆዴ ባባ። ሻማ የሚሸጡት እናት ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የኮንዶግሉ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የተሳለ!»

መጀመሪያ ትንሽ ተናደድኩ። ማታ ግን ስለ ሰውዬው ሳነብ አመሸሁ።

ሠዓሊው ፎቲስ ኮንዶግሉ በ1895 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) አይቫሊ ተወለደ፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ያሳደገው የገዳም አበምኔት የነበረ አጎቱ ነው። ሥዕል አቴንስ ተማረ፣ ፓሪስም ኖረ። በ1922 ግሪኮች ከዚያ አገር ሲነቀሉ እሱም ተሰደደ፣ በዓመቱ የመነኮሳት ገዳማት ወዳሉበት አቶስ ተራራ ወጣ። (እዚያ ሴት አይገባም፣ እኔም አልገባም።) የድሮዎቹን የገዳም ሥዕሎች አይቶ ልቡ በዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። ያኔ የግሪክ አብያተ ክርስቲያናት በጣሊያን ዓይነት ጉንጫቸው ቀላ ባሉ ቅዱሳን ተሞልተው ነበር፤ እሱ ግን ቀለሙን በእንቁላል አስኳል እየበጠበጠ ወደ ጠይሙ፣ ወደ ኮስታራው ፊት ተመለሰ። ስሙን ሲጽፍም «በፎቲዮስ እጅ» ይላል እንጂ «እኔ ሠራሁት» አይልም። ታዲያ እኔ ሺህ ዓመት የኖረ ሥዕል ነው ብዬ መሸወዴን ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቤቱ ነገር ነው። በ1932 ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር፣ ከጻሩኺስና ከኤንጎኖፑሎስ ጋር፣ የገዛ ቤቱን ግድግዳ በሥዕል ሞላው። ከዚያ የጀርመን ወረራ መጣ፣ ረሃቡ መጣ፣ ቤቱን በዱቄት ሸጠው። ግድግዳው ላይ የነበረው ሥዕል በኋላ ተነቅሎ ዛሬ የግሪክ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ነው። እኔ የማስበው ሚስቱን ማሪያን ነው። ያን ዱቄት ስታቦካ ምን ትል ነበር?

ጫማውን ረስቼው መጣሁ።