በአዳር የሚከራይ ቤት ዕቃ መቼ ይለወጣል? ከጎንደር የሥራ ልምድ

የኪራይ ቤት ዕቃን ዕድሜ በዓመት አልቆጥርም፤ በአዳር ነው የምቆጥረው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የደብተር ገጽ አለኝ። ዕቃው የገባበት ወርና ዓመተ ምሕረት ከላይ ይጻፋል፣ ከሥሩ እንግዳ ባደረ ቁጥር አንድ ጭረት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጎንደር ላይ እንግዳ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። ገናና ጥምቀት ሲደርስ ክፍል ይጠፋል፣ ክረምቱ ሲገባ ጭር ይላል። በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ፎጣዎች፣ አንዱ ተፈላጊ ክፍል ውስጥ ሌላው ጓሮ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ ቢሆኑ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እኩያ አይደሉም።

አንሶላ በአልጋ ሦስት ሙሉ ቅያሪ ያስፈልገዋል፦ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ። በሐምሌና ነሐሴ ገመድ ላይ ያደረ አንሶላ በማግስቱም ስለማይደርቅ አራተኛ እጨምራለሁ። መለወጫው ጊዜ የሚታወቀው መሐሉን በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግቶ በማየት ነው። ትከሻና ዳሌ የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ይሳሳል። ከጀርባው ያለው ጣት ቅርጹ ለይቶ ከታየ ይወጣል። እስኪቀደድ የሚጠብቅ አከራይ ቀዳዳውን ከእንግዳው ነው የሚሰማው። ጥጥን ቶሎ የሚገድለው እንቅልፍ ሳይሆን በረኪና ነው፤ በየእጥበቱ የሚፈስበት አንሶላ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ክሩ ግን ይበላል። በረኪናን ለደም ወይም ለሻጋታ ብቻ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኖ መጠቀም ይበቃል። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ለአጣቢዋ ቀድሞ መነገር አለበት።

የእኛ አገር ትራስ ዋና ጠላት የፀጉር ቅቤ ነው። ስቡ የትራስ ልብሱን አልፎ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቢታጠብ ሽታው አይለቅም። ስለዚህ በትራሱና በትራስ ልብሱ መካከል ዚፕ ያለው መከላከያ ሽፋን አደርጋለሁ። ቅቤ የነካውን ጨርቅ ውሃ ሳይነካው በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አሽቶ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያ በሞቀ ውሃ ማጠብ ነው። ነጠብጣቡ ሳይለቅ ካውያ ከነካው እዚያው ይቀራል። ፋይበር የተሞላ ትራስ ደኅና መሆኑ የሚለየው ሁለት ላይ አጥፎ አንድ ጫማ በመጫን ነው። ሲለቁት ጫማውን ጥሎ ከተዘረጋ ደኅና ነው፤ እንደታጠፈ ከቀረ አልቆለታል።

ፍራሽ ውድ ስለሆነ ችኮላ አይወድም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድሜ፣ በመሐሉ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ እለካለሁ። ሰው ሳይተኛበት ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የጎደጎደ ፍራሽ ወገብ ያሳምማል። ግን ከመለወጡ በፊት ፍራሹን አንስቶ ርብራቡን ማየት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የጎበጠው ወይም የተሰነጠቀው ጣውላው ነው፣ ጥገናውም ከፍራሹ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በየሦስት ወሩ የራስጌውን ወደ ግርጌ ማዞር ዕድሜውን ያረዝማል። ስፖንጅ ሲገዛ ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን ዴንሲቲውን (አንድ ሜትር ኩቡ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን) መጠየቅ ነው፤ ከ30 በታች የሆነው በኪራይ ቤት ቶሎ ይወርዳል። የስፌቱን ዙሪያ በባትሪ አያለሁ። የእስክሪብቶ ነጥብ የሚያህል ጥቁር ነጠብጣብ በስፌቱ ላይ ከተደረደረ ትኋን ነው፤ የዚያን ቀን ክፍሉ ይዘጋል። ያገለገለ ፍራሽ በርካሽ መግዛት ለእኔ ቤት አይታሰብም።

ፎጣ ላይ የውሃ ጠብታ ጣል ያድርጉበት። ወዲያው ከጠጣው ደኅና ነው፤ ጠብታው ላዩ ላይ ከተንከባለለ መጀመሪያ የጨርቅ ማለስለሻውን አቁመው ደጋግመው ይጠቡት፣ ካልተሻለው ያውጡት። በካሬ ሜትር 500 ግራም አካባቢ ያለው ለጎንደር ይስማማል፤ ከዚያ የወፈረው ክረምት ላይ ሳይደርቅ ይሸታል። ከደባርቅ በኩል ከስሜን ተራሮች የሚመለስ እንግዳ ጫማውን በነጭ ፎጣ መጥረጉ አይቀርም፤ በሩ አጠገብ ጥቁር ጨርቅ ተንጠልጥሎ ካገኘ ግን በዚያ ይጠርጋል። ጥር 11 ጠዋትም ከፋሲል መዋኛ የሚመጣው ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ ነው። ሊወጡ የደረሱ ፎጣዎችን ለዚያ ቀን አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ የወለል መወልወያ ይሆናሉ። የተገለለ ፎጣ ጥጉ ይቆረጣል፤ አለበለዚያ በእጥበቱ በኩል ተመልሶ ቁም ሣጥን ይገባል።

እስካሁን ያልኩት ቅሬታ የሚያመጣውን ነው። እሳትና ጋዝ ግን በአዳር አይቆጠሩም፤ ምልክት እንዳዩ ነው መለወጥ። ሶኬቱ የነጣ ወይም የጠቆረ፣ ሲነኩት የሚሞቅ፣ ተሰኪውን አጥብቆ የማይዝ ዲቫይደር በዚያው ሰዓት ይወጣል፤ ገመዱን ቆርጬ ነው የምጥለው፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው። የ2,000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከዚያም በላይ ስለሚስብ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ሁለቱም ዲቫይደር ላይ አይሰኩም።

ቦይለር ውሃ ሲጠፋ ነው የሚጎዳው። መግቢያው ላይ ያለው የማይመልስ ቫልቭ ከደከመ፣ መስመሩ ባዶ ሲሆን ውሃው ወደ ኋላ ይፈስስና ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት በደረቁ ይቃጠላል። ቫልቩ ርካሽ ነው፣ ቦይለሩ አይደለም። ብሬከሩ ቦይለሩ ሲበራ ብቻ ከወደቀ ብዙ ጊዜ ኤለመንቱ ነው፤ እሱ ይለወጣል። ከጋኑ ሆድ ዝገት ያዘለ ውሃ ጠብ ጠብ ካለ ግን ጥገና የለውም። ጋኑን ከዝገት የሚከላከለውን የማግኒዝየም ዘንግ በዓመት አንዴ ማስፈተሽ ይህን ቀን ያርቃል።

የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ «በደንብ አያፈላም» ተብሎ ሲመለስ አልለውጥም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የምለውጠው ክዳኑ አልገጥም ሲል ነው፤ እንፋሎቱ በራሱ የሚያጠፋውን ማብሪያ ካልነካ ውሃው እስኪያልቅ ይፈላል።

የጋዝ ሲሊንደር የጎማ ቱቦ ላይ የታተመውን ቀን አንብቡ። ቀኑ ያለፈበት፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ወይም የደረቀ ጎማ ይለወጣል። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀብቼ አያለሁ፤ አረፋው ከተነፋ ይፈስሳል፣ በክብሪት ግን ፈጽሞ አይፈተሽም። የጭስ ማስጠንቀቂያም ከተመረተ 10 ዓመት ከሞላው፣ ቢጮኽም እንኳ ይወጣል። ቡና ማፍላት የሚወድ እንግዳ ከሰል ክፍል ውስጥ እንዳያስገባ ረከቦቱን በረንዳ ላይ ነው የማዘጋጀው፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል።

ሲኒ ከንፈሩ ከተሸረፈ ያኔውኑ ይጣላል። አንድ ደርዘን ሲገዛ ከዚያው ዓይነት ግማሽ ደርዘን ለመጠባበቂያ መጨመር ነው፣ በኋላ አምሳያው ገበያ ላይ አይገኝም። የማያጣብቅ መጥበሻ ሽፋኑ መላጥ ከጀመረ ይወጣል። ቁልፍ ጠፍቶ ከሆነ ሙሉውን የበር መቆለፊያ መንቀል አያስፈልግም፣ ቁልፉ የሚገባበትን ሲሊንደር ብቻ መለወጥ ይበቃል። መጋረጃ በፀሐይ የነጣውን ገልብጦ በመስቀል አንድ ወቅት ይገፋል።

ገንዘቡ ከኪራዩ ላይ በየአዳሩ ተቆርጦ ለብቻው ይቀመጣል። ለምሳሌ ፎጣው 900 ብር ቢሆንና 150 አዳር ቢያገለግል፣ በአዳር 6 ብር ነው። አንሶላውንም ፍራሹንም በዚሁ መንገድ ደምሮ ከኪራዩ ጋር ማስተያየት ነው፤ ሲደመር ኪራዩ ከማይችለው በላይ ከሆነ ዋጋው ነው የተሳሳተው። ሙሉ ፍተሻዬን ነሐሴ ላይ ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ አደርጋለሁ፣ ግዢውን ጥቅምት ላይ እጨርሳለሁ። ታኅሣሥ ላይ ፍራሽ የሚፈልግ ሰው ያገኘውን ነው የሚገዛው። አዲሱ አንሶላና ፎጣም ከእንግዳ በፊት ሁለት ጊዜ መታጠብ አለበት፤ ፋብሪካው የቀባው ማጠንከሪያ እስኪለቅ ድረስ ፎጣው ውሃ አይጠጣም።