ተሳቢ የአሮጌ ጎማ መጣያ አይደለም

«ከመኪናው የወረደ ጎማ ለተሳቢ ይሆናል» የሚለው አባባል ግማሹ ልክ ነው። ተሳቢ በሞተር አይነዳም፣ በመሪም አይዞርም፤ ስለዚህ ጥርሱ የተበላ ጎማ እዚያ ጥቂት ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ጭነቱ ግን ያው ጭነት ነው። ከቡሬ በቆሎ ጭኖ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ተሳቢ የሚፈልገው ያልደከመ ጎማ ነው። ጎኑ ያበጠ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ሽቦው የታየ ጎማ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር ለስኮርታም፣ ማለትም ለመጠባበቂያም፣ አይበቃም።

ሲገዛ የሚነበበው የጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። 154/149 የሚል የጭነት ልክ ቁጥር ያለው፣ መጠኑ 12.00 አር 20 የሆነ ጎማ ለብቻው ሲሆን 3,750፣ በጥንድ ሲታሰር ግን 3,250 ኪሎ ይሸከማል፤ ባለ አራት ጎማ አክስል ላይ 13,000 ኪሎ መሆኑ ነው። በአራት አሃዝ የተጻፈውም የተመረተበት ጊዜ ነው፤ 3521 ማለት የ2021 ዓመት 35ኛ ሳምንት። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ስለሆነ በእኛ የነሐሴ 2013 መጨረሻ ይሆናል። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢል መጋዘን ውስጥ የከረመ ጎማም አዲስ ይመስላል። ለተሳቢ ቀጥ ያለ መስመር ያለው ጥርስ ይመረጣል፤ ለመንጃ አክስል የሚሠራው ጎርበጥባጣ ጥርስ ያለ ጥቅም ይሞቃል።

ጥንዶቹን ማመሳሰል ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን ከታሰሩ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ትንሹ ደግሞ አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተታል። ሁለቱንም እኩል ነፍታችሁ ዙሪያቸውን በሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ አታጣምሯቸው።

ጎማ የሚገድለው ግን ከሁሉ በላይ የአየር ማነስ ነው። አየሩ ሲያንስ ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ይበጣጠሳል። ሾፌሩ የተሳቢ ጎማ መተንፈሱን መሪው ላይ አይሰማውም፤ የሚያውቀው ላስቲኩ ሲበጣጠስ በመስታወት ካየ ነው። በመዶሻ መትቶ ድምፁን ማዳመጥ ባዶውን ከሙሉው ይለያል እንጂ 80 ፒኤስአይን (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ከ110 አይለይም። መለኪያ ያዙ፤ ውስጠኛውንም ጎማ ለኩ፤ ደብረ ማርቆስ ያደራችሁ እንደሆነ ጠዋት ሳትንቀሳቀሱ። በ110 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ 4 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ በረሃው ላይ ከፍ ብሎ ቢታይ አታስተንፍሱ፣ ሲበርድ ያንሳል። ከልኩ 20 በመቶ ጎድሎ የተነዳ ጎማ ደግሞ ዝም ብሎ አይነፋም። ፈትቶ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል፤ ሽቦው ተበጥሶ ከሆነ ሲነፋ ጎኑ ይቀደድና ሰው ይገድላል።

ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አንዳንዱ የመኪናውን ፍሬን ለማዳን በተሳቢው ፍሬን ብቻ ይወርዳል። ሙቀቱ ፍሬኑ ከሚይዘው ብረት ከታንቡሩ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው አየር ወደሚይዘው የውስጥ ላስቲክ ወደ ካላማዳሪው ይተላለፋል፤ ጎማው ከውስጥ ይቃጠላል። በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን ውረዱ። ታች ስትቆሙ የእጃችሁን ጀርባ ሳትነኩ ወደየጎማው አስጠጉ፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው እየተበላሸ ነው። የጋለ ታንቡር ላይ ውኃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል።

ለአዲስ ጎማ አዲስ ካላማዳሪና አዲስ ፍላፕ (በካላማዳሪውና በቸርኬው መካከል የሚገባው ላስቲክ) ይግባ፤ አሮጌው ካላማዳሪ ሰፍቶ ስለሚታጠፍ በእጥፋቱ ይበሳል። ውስጡን ታልክ ማልበስ አይረሳ። ባለ ቀለበት ቸርኬ ላይ ጎሚስታው ቀለበቱ በትክክል መቀመጡን ሳያይ አይንፋ፤ የሚነፋውም በብረት አጥር ውስጥ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ነው። ዳዶ (ቸርኬውን የሚያስረውን ብሎን) ከመፍታት በፊት የሁለቱም ጥንድ ጎማ አየር ይውጣ፤ የተሰነጠቀ ቸርኬ ሲፈታ ይፈነዳል።

ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ጠጠር ላይ ከተጓዛችሁ በጥንዶቹ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ አውጡ። የአንድ ወገን ትከሻ ብቻ እየተበላ ከሆነ አክስሉ ዞሯል፤ ጎማ ከመቀየራችሁ በፊት ከመጎተቻው ፒን እስከ አክስሉ ሁለት ጫፍ ለክታችሁ አመሳስሉ። ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ። ስኮርታውም ሁሌ ተነፍቶ ይታሰር፤ ጭቃ ለብሶ ሥር የሚንጠለጠል ጎማ ስለሆነ ማንም አይለካውም።