የጦሳ አረንጓዴ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማታ፣ ልጄ ለእንቁጣጣሽ የሚያዞራቸውን ሥዕሎች ሊሠራ ከለሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፏቸው ስለነበር የሻይ ብርጭቆዬን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። እርሳሶቹን ወደ ጎን ልገፋ እጄን ስዘረጋ ቢጫውን አነሣሁና ሳላስበው የወረቀቱን ጥግ መቀባት ጀመርኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ባለቀለም እርሳስ ከያዝኩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል።

በእኛ የልጅነት ዘመን ደሴ ውስጥ ነሐሴ ከገባ ወንድ ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ነበር። የአምናውን መልአክ በመስኮቱ መስታወት ላይ አስደግፈን፣ ንጹሕ ወረቀት ደርበንበት፣ በብርሃኑ እየታገዝን ዙሪያውን እንገለብጥና ከዚያ በኋላ መቀባት ብቻ ይቀረናል። ቀለሙ ይደምቅልናል ብለን የእርሳሱን ጫፍ በምራቅ ስለምናርሰው መስከረም 1 ቀን ጠዋት የሁላችንም ከንፈር ዥጉርጉር ሆኖ ይታይ ነበር። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን መልአኩን፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን አደይ አበባውን እንወስዳለን፤ እንዲህ አድርጉ ያለን ግን ማንም አልነበረም። ከሁሉም አብልጠው የሚሰጡን ፊት ለፊታችን የሚኖሩ አንድ ሼህ ሲሆኑ፣ ሥዕሉን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው እያዩ፣ «ማሻአላህ! ግን ልጆቼ፣ ይህ አበባ ቅጠል የለውም እንዴ?» ይሉን ነበር። እኛ ሳንቲሙን ይዘን ሮጠናል።

ያን ጊዜ እርሳሱን በሙሉ ኃይላችን እንጫነው ነበር፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነበር። ባለቀለም እርሳስ እንደ ተራው እርሳስ ግራፋይት የለበትም፤ ቀለሙ የተያያዘው በሰም ወይም በዘይት ነው። ስለዚህ ላጲስ ጠርጎ አያጠፋውም፣ ገና ከመጀመሪያው አጥብቀው ከተጫኑት ደግሞ የወረቀቱ ሻካራነት በሰሙ ይደፈንና ሌላ ቀለም አይቀበልም። ከፈዛዛው ጀምሮ፣ እጅን አቅልሎ፣ በስሱ እየደረቡ መሄድ ነው። መቅረጫውንም ትቼ ወደ ድሮው ምላጭ ተመልሻለሁ፤ ወለል ላይ የወደቀ እርሳስ ውስጥ ውስጡን ስለሚሰበር በመቅረጫ በቀረጹት ቁጥር ጫፉ እየተነቀለ ይወድቃል። (የልጄ እርሳሶች ያልወደቁበት ቀን ያለ አይመስለኝም።)

መጀመሪያ የሞከርኩት ከበረንዳችን የሚታየውን ጦሳን ነው። ተራራው አረንጓዴ ነው ብዬ አረንጓዴውን አነሣሁ፤ ከ12ቱ መካከል የነበረው ግን የፕላስቲክ ባልዲ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። እርሱን መልሼ ቢጫ ቀባሁ፣ በላዩ ሰማያዊ ደረብኩ፣ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ደግሞ ቡናማ ጨመርኩ፤ አራተኛው ድርብ ላይ ጦሳ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የኖርኩት ተራራ፣ ባሕር ዛፉ ባለበት በኩል ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደብተሩን ስከፍት ግን ጥቁር አረንጓዴ ያደረግሁት ክፍል ሁሉ ነጭ ነገር ለብሶ አገኘሁትና ሻጋታ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ በብዛት የተደራረበው ሰም ወደ ላይ እየወጣ ነበር። በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብዬ ስጠርገው ቀለሙ ተመለሰ፤ ሆኖም ግማሹን ብቻ ጠርጌ ጫፉን ተውኩት፤ በነሐሴ ጦሳን ያለ ጉም ማን አይቶት ያውቃል?

አሁን የያዝኩት ያንን አደይ አበባ ነው፣ በዚህ ጊዜ ከነቅጠሉ። አንዷን ቀጥፌ በውሃ በተሞላ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አቁሜ እሥላለሁ፤ ቅጠሏ የተሰነጣጠቀ በመሆኑ በየጫፉ እርሳሱን ደጋግሜ መቅረጽ ይጠይቀኛል፣ እስክጨርስም ስለምትጠወልግ ሁለት ጊዜ ቀይሬያታለሁ። ትናንት ልጄ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ አየኝና፣ «አባዬ፣ አንዷን በሳምንት እየሠራህ ለከርሞ እንቁጣጣሽ ስንት ቤት ልታዳርስ ነው?» አለኝ።