የአምፖል መያዣ ስትገዙ ምኑን ታያላችሁ?

አምፖል ሲቃጠል በአዲስ ይተካል። መያዣው ግን አንዴ ኮርኒስ ላይ ከታሰረ ዓመታት ይቆያል፤ ሲበላሽም ጥፋቱ በአምፖሉ ይሳበባል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አዲስ አምፖል ይገዛል፣ አዲሱም ብልጭ ድርግም ይላል። መርካቶ ስትወርዱ ለአምፖሉ የምትጨነቁትን ግማሽ እንኳን ለሆልደሩ ብትጨነቁ ብዙ ወጪ ይቀርላችኋል።

በመጀመሪያ አንገቱን እወቁ። በየቤቱ የሞላው ባለ ጥርሱ ኢ27 ነው፤ ቁጥሩ የጥርሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ኢ14 ቀጭኑ፣ የሻንደሊየርና የራስጌ መብራት ነው። ሁለት ጆሮ ያለውና ተገፍቶ የሚዞረው ቢ22 ከውጭ በመጡ መብራቶች ላይ ያጋጥማል። ጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ለሚቀበሩት ስፖቶች ግን ተጠንቀቁ። ጂዩ10 ጫፋቸው ወፈር ያለ ሁለት እግሮች አሉት፣ እግሮቹ በ10 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ ዞሮ ይቆለፋል፣ በቀጥታ በ220 ቮልት ይሠራል። ጂዩ5.3 ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እግሮች አሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከታሰረ ወዲያው ይፈነዳል።

ከዚያ የተሠራበት ነገር ይመጣል። ተራው ፕላስቲክ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፣ ጥርሱም ከቦታው ይላቀቃል። ባክላይት (ሙቀት የማያለሰልሰው ጠንካራ ፕላስቲክ) አይቀልጥም፣ ግን ከወደቀ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ባክላይት ማጣበቂያ ቀብቶ መልሶ መስቀል ጅልነት ነው። ለሙቀት የሚመረጠው ሴራሚኩ ነው። አምፖል ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲበራ ሙቀቱ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ መያዣው ይወጣል። ስለዚህ ለዝግ ግሎብ ሴራሚክ ግዙ፤ ከእግሩ ላይ ቆሞ ለሚበራ የጠረጴዛ መብራት ደህና ባክላይት ይበቃል። ኤልኢዲ ስለማይሞቅ ለውጥ የለውም የሚል ክርክር አለ። ብርሃኑ አያቃጥልም እንጂ አንገቱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ይሞቃል፤ ዝግ ግሎብ ውስጥ ቶሎ የሚሞተውም ለዚህ ነው።

ገላው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «4ኤ 250ቮ» የሚለው የሚችለውን ከረንት ያመለክታል። 4 አምፒር በ220 ቮልት ሲባዛ 880 ዋት ይሆናል፣ ይህ ግን 800 ዋት አምፖል እሰሩ ማለት አይደለም፤ ልኩን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፣ መብራቱ ላይ «ከ60 ዋት አይበልጥም» ካለ እሱ ይከበራል። «ቲ210» እስከ 210 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይችላል ማለት ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ሆልደር በነፃ ቢሰጧችሁም አትያዙት።

ዋናው ነገር ግን ውስጡ ነው። ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መሐል ያለችውን ምላስና ሽቦ የሚታሰርባቸውን ቦታዎች ንኩበት፤ ማግኔቱ ከያዘ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው፣ ይዝጋል። ምላሷን ከኋላ የሚገፋው ስፕሪንግ ብረት ቢሆን ችግር የለውም። ቀጥሎ ምላሷን በጣት ተጫኗትና ልቀቋት፤ ካልተመለሰች አምፖሉን መንካት ታቆማለች፣ ክፍተቱ ላይ እሳት ይፈናጠራል፣ ጢዝ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ መያዣው እየጠቆረ ይሄዳል። አምፖል ሲታሰር ከልክ በላይ ማጥበቅም ምላሷን ያጎብጣታል። ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ይበቃል። የጎበጠችውን ብሬከር አጥፍታችሁ በእንጨት ቀና ማድረግ ይቻላል፤ ደግማ ከጎበጠች ግን ሆልደሩን ቀይሩት።

አሠሳሰሩ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት አንድ ነው፣ ግን በየቤቱ አለ። ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) በማብሪያ ማጥፊያው በኩል አልፎ ወደ ምላሷ፣ ኒውትራሉ (የሚመልሰው ሽቦ) ወደ ጥርሱ መሄድ አለበት። ከተገላበጠ አምፖል ስትቀይሩ ጣታችሁ ሊነካው የሚችለው ጥርስ ፌዝ ይሆናል። ማጥፊያው ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን ከቆረጠ ደግሞ ኤልኢዲው ጠፍቶም ሌሊት ፈዘዝ ብሎ ሊበራ ይችላል፣ ጠፍቷል ብላችሁ ስትነኩትም ይይዛችኋል። በአሮጌ ቤቶች ሽቦው ብዙ ጊዜ ተቀጥሏልና በቀለሙ አትተማመኑ፤ በቴስተር ለዩት።

ለመብራት መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። ደረቁን ሽቦ ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምዝዙት። ብዙ ክር ያለውን ለስላሳ ሽቦ ግን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ልጣችሁ፣ አክርራችሁ፣ በእጥፍ አድርጋችሁ አስገቡት፤ አንድ ክር ብትወጣ ጎረቤቷን ነክታ ሾርት ታደርጋለች። የሚንጠለጠል መብራት ክብደቱ በብሎኖቹ ላይ እንዳያርፍ ገመዱ ክዳኑ ውስጥ ይቋጠር ወይም በማነቂያ ይያዝ።

የጭቃ ቤት አቡጀዴ ኮርኒስ ያላችሁ ሆልደሩን በጨርቁ ላይ አታሳርፉት። ከጨርቁ በታች ቀጥታ ከማገሩ ጋር የታሰረ ጣውላ አድርጉለት፣ መያዣውም ሴራሚክ ይሁን።

በረንዳና መታጠቢያ ቤት ቢያንስ አይፒ44 (አይፒ አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው)፣ የክረምት ዝናብ በቀጥታ ለሚያርፍበት የግቢ በር አይፒ65 ፈልጉ። ገመዱ ከታች ይግባ፤ ከላይ ከገባ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ውስጥ ይወርዳል፣ ጥርሱ ይዝጋል፣ አምፖሉ ተጣብቆ ስትፈቱት መስታወቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ብሬከሩን ዝቅ አድርጋችሁ የቀረውን አንገት በፒንሳ ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጋችሁ አዙሩት።

ሥራው ሲያልቅ አምፖሉን ሳታስገቡ አብሩና በቴስተር ፈትሹ፦ ምላሷ ላይ መብራት አለበት፣ ጥርሱ ላይ መብራት የለበትም። ጥርሱ ላይ ከበራ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሯቸው።